ጽጌን የሚጠብቅ ሰው

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የእህቴ የጽጌ ኪኒን ለሦስት ቀን የሚሆን ብቻ ቀርቷል። መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ማምጣት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። መኪና ውስጥ የሚጥል ሕመሟ ከጣላት ወዲህ ሁለታችንን አብሮ የሚጭነን የለም። ብቻዋን ትቻት የወጣሁ ዕለት ደግሞ እሳት ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ።

ዛሬ የእትዬ ብዙነሽን ገብስ በወንፈል ስናጭድ ዋልን፤ ነገ ተራው የእኔ ነው። እንደምንም ደፍሬ ተናገርኩ።

"የእኔን ወንፈል በአጨዳ አትመልሱልኝ። አንዳችሁ አንድ ቀን ከጽጌ ጋር ተቀመጡልኝ።"

ማጭዱ ሁሉ ቆመ።

"ወንፈል እኮ ለአዝመራ ነው፣ አንቺ!" አሉ ጋሽ ተክሌ። "ገብስሽን ዐሥር ሆነን እንጥልልሻለን። እሷን ግን ስትወድቅ የነካ ይጋባበታል ይባላል።"

"አስረሻት ብትሄጂስ?" አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ አዝነውልኝ። ክፋት የላቸውም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ጽጌ "የሚጠብቀኝ ሰው ተገኘ?" አለችኝ።

"ነገ ዐሥር ሰው ይመጣል" አልኳት። ውሸት አይደለም። ደስ ብሏት አጎዛውን አራገፈችና መደቡ ላይ አነጠፈችላቸው።

የእኔ ዐይን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ገመድ አልነሳ አለ።