ለረጅሟ ጊታር፦ ነጩ ወይስ ቀዩ?

ጥቅምት 3

ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ፀሐይ። የአንድ ጊታር ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ዋልኩ። አፍንጫዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው... ባሌ፣ ሰውዬዬ፣ ይሠራል፣ እኔ አለሰልሳለሁ።

አሁን ግን የእጁ መንቀጥቀጥ ብሶበታል። ሐኪሙ "ከዕድሜ ነው" አለው። የቱ ዕድሜ? ዛሬ መላጊያውን አንስቶ፣ ትንሽ ይዞ ቆይቶ፣ መልሶ አስቀመጠው። እኔ አላየሁም ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሱ አላየችኝም ብሎ ማፏጨት ጀመረ። ሁለት አስመሳዮች!

ይቺ ደብተር ትዕዛዝ መመዝገቢያ ነበረች። ትዕዛዝ ሲጠፋ የኔ ወሬ መጣያ ሆነች።

ጥቅምት 9

ትዕዛዝ መጣ! አንዲት ረጅም ልጅ... በራችንን ጎንበስ ብላ ነው የገባችው። ጊታር ተጫዋች ናት። ጥር 22 ቀን ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ለመምህርነት ይፈትናታል። ፈታኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚቀመጡት፤ ድምፁን እንጂ ሰውየውን አያዩም። የሷ ጊታር አንገቱ ተጣሞ አልቆለታል።

"ጋሼ፣ ፊቱን በምን እንጨት ይሠሩልኛል?" አለችው።

ጥሩ ጥያቄ። የጊታር ድምፅ የሚወጣው ከፊቱ፣ ክሩ ሥር ካለው ስስ ሳንቃ ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው ይላል ሰውዬዬ። ለፊት የሚሆን ሁለት ዓይነት እንጨት አለን። ስፕሩስ፣ እኛ ነጩ የምንለው። ሴዳር፣ ቀዩ። መደርደሪያው በነጩ ተሞልቷል። ቀዩ ሁለት ብቻ፣ ያውም አቧራ ለብሶ።

"ነጩን ነዋ!" አላት። "ጠንካራ ነው። እየተጫወትሽበት ይፈታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፁን ስሚው!"

"ፈተናዬኮ ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ጋሼ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ገላመጠኝ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ ነጭ ፊት አውርዳ ሞከረች። ጥፍር የላትም፤ "እንደ ወረቀት እየተቀደደ አስቸገረኝ፣ እትዬ" አለችኝ። በጣቷ ሥጋ ነው የምትጫወተው። እንዴት ያለ ለስላሳ እጅ! ጊታሩ ግን አልነቃላትም። እንቅልፋም ሰው እንደ መቀስቀስ... ትነካዋለች፣ ይገላበጣል፣ መልሶ ይተኛል።

ይሄ እጅ ቀዩን ነው የሚፈልገው አልኩ በሆዴ። ቀዩ ገና ሲነኩት አቤት ይላል።

ከሄደች በኋላ አፌ አላስቻለኝም፣ ተናገርኩ። "ቀይ እኔ ቤት አይሠራም!" ብሎ ጮኸ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቀይ ሠርቶ ነበር። ሳምንት ሙሉ እንደ ወፍ ስትዘምር ሰነበተችና ፊቷ ከክሩ ሥር ሰመጠ። ባለቤቱ ሰው ፊት ይዞ መጥቶ አዋረደው። ከዚያ ወዲህ ቀይ እንጨት ጠላቱ ነው።

ጥቅምት 10

ቁርስ ላይ፦ "ለመሆኑ ነጩንስ ቢሆን ማን ይልገዋል? በዚህ እጄ?"

"እኔ።"

ሳቀ። ቀና ብዬ ሳየው ሳቁን ተወ።

"ከሠራሁት ደግሞ በቀዩ ነው" አልኩት። ከየት መጣልኝ ይሄ ድፍረት?

ጥቅምት 12

ረጅሟን ጠርቼ ሁሉንም በግልጽ ነገርኳት። የእሱን እጅ፣ የኔን ብርጭቆ ወረቀት፣ የሰመጠችውን ቀይ። ሌላ ጋ ብትሄድ እንደማልቀየማት ጭምር።

"እትዬ፣ ስጫወት ዓይንዎን ጨፍነው ሲሰሙኝ አይቻለሁ" አለችኝ። "እርስዎ ይሥሩልኝ።"

ታላቅ እህቴ በስልክ፦ "አንቺ ደግሞ! ዕድሜሽን ሙሉ ስትፈትጊ ኖረሽ ዛሬ ጊታር ሠሪ? የልጅቷን እንጀራ እንዳትዘጊ!" ጆሮዬን ከስልኩ አራቅሁ። ቃሉ ግን ገባ... የልጅቷ እንጀራ።

ኅዳር 2

ጎንና ጀርባው አለቀ። እሱ ወንበር ላይ ሆኖ በአፉ ይሠራል፣ እኔ በእጄ። "ቀስ! ቀስ! በሬ ነው እንዴ የምትጎትቺው?" ሲለኝ ዋለ። አንገቱን ዛሬ ጨረስኩ። ፊቱ ነገ።

ኅዳር 3

አበላሸሁት።

ኅዳር 4

ትናንት መጻፍ አቃተኝ። አሁን ልጻፈው።

ቀለበቴን አውልቄ ነበር የጀመርኩት፤ ቀዩ ለስላሳ ነው፣ ጥፍር እንኳ ይሰረጉደዋል። ስልገው ልክ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፣ ትምህርት ቤት የገባሁ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ላግኩ፣ ላግኩ። ግድግዳው ላይ ሰውዬዬ በእርሳስ የጻፈው ቁጥር አለ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ሚሊ። ዕድሜ ልኩን የሠራበት ውፍረት። እኔም በመለኪያው ልክ እዚያ ላይ አቆምኩ። እንዴት ኮራሁ! ከዚያ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ አንኳኳሁት...

እርጥብ ካርቶን። ምንም የለም። አውራ ጣቴን ጫን ሳደርግበት እጥፍ አለ።

እሱ ሰምቶ መጣ። እሱም አንኳኳው። መልኩ ተለዋወጠ።

"የኔዋም እንዲህ ነበር ያለችው" አለ ቀስ ብሎ። "ቁጥሩን ከየት አመጣሽው?"

"ከግድግዳው ነዋ።"

"ያ እኮ የነጩ ነው! ነጩ ጠንካራ ስለሆነ ነው የሚሳሳው።"

"ታዲያ አንተ ያኔ ቀይዋን በስንት ሠራሃት?"

ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

"...በግድግዳው።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጨቱን ሲረግም! እኔ ሳቅ ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ኋላ ግን የኔው እንባ አላቆም አለ። የቀረው አንድ ቀይ ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ልጅቷ ፈተናው ላይ በተጣመመ ጊታር ልትቀመጥ ነው።

"ነጩን ያዢ፣ እሱን አውቀዋለሁ፣ አላሳስትሽም" አለኝ። በደግነት ነው ያለው። ብቻ ያ ለስላሳ እጅ ትዝ አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት።

ኅዳር 8

አራት ቀን እንጨቱን ሳልነካ ሰነበትኩ። ዛሬ ተነሣሁ። መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሰውዬዬን ግቢ አስወጣሁት። "ጀርባህን ስጠኝ" አልኩት። ወንበሩን ይዞ ሄዶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። እሺ ማለቱ ራሱ ጉድ ነው።

አንድ ዙር መላግ፣ ማንኳኳት። አንድ ዙር መላግ፣ በአውራ ጣት ማጠፍ፣ ማንኳኳት። መጀመሪያ ድንጋይ ነው። ከዚያ ጣውላ። ከዚያ የሆነ ነገር... ከሩቅ ክፍል እንደሚጠራ ሰው። ሌላ አንድ ዙር ብቻ። አንኳኳሁ። ክፍሉ ውስጥ ቆየ ድምፁ! ጣቴን ካነሳሁ በኋላ ቆየ።

ከግቢ ጮኸ፦ "እዚያ ላይ አቁሚ! እንዳትነኪው!"

አቁሜ ነበር እኮ። ራሴ አቁሜ ነበር! ሲገባ መለኪያውን አውጥተን ለካን፣ ሁለት ነጥብ ስድስት። ወለሉ ሙሉ ቀይ ፍቅፋቂ፤ እዚያው ላይ እንደ ሕፃን ጮቤ ረገጥኩ።

ታኅሣሥ 19

ፊቱ ተለጠፈ። ቫርኒሽ እየደረቀ ነው። ጊታሩን እንዳይሰርቁት ብሎ በሩን ሁለቴ የሚቆልፈው ሰውዬዬ ሆኗል።

ጥር 6

ክር አሰርኩ። ረጅሟ መጣች፣ ተቀመጠች፣ አንድ ክር ነካች። አንድ! ቀና ብላ አየችኝ። "እትዬ..." አለች። ከዚያ ተጫወተች። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ መዶሻውን እንደያዘ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

ሲያልቅ ሰውዬዬ ከውስጥ የምትለጠፈዋን ትንሽ ወረቀት አመጣልኝ። ሁልጊዜ የሱ ስም ነው የሚጻፍባት።

"ጻፊ።"

"ማንን?"

"የሠራውን ሰው ነዋ!"

ስሜን ጻፍኩ። በቀዳዳው አስገብቼ ራሴ ለጠፍኳት።

ጥር 22

ኮሪደሩ ላይ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ከሷ በፊት አራት ሰው ገባ። ሁሉም ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። የሷ ተራ ሲደርስ ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ ስል ሰውዬዬ ቀሚሴን ጎተተኝ። "አያስፈልግም፣ ስሚ።" እውነቱን ነው። ያን ወፍራም በር አልፎ፣ በዚያ ለስላሳ እጅ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ ኮሪደሩን ሞላው። ጽዳት ላይ የነበረችው ሴትዮ መወልወያዋን ተደግፋ ቀረች።

አለፈች! እዚያው አሳወቋት። እሰይ! እሰይ የኔ ረጅም! ተጠመጠመችብኝ፣ አገጯ ራሴ ላይ አረፈ።

አንድ መነጽራም ፈታኝ ተከትሏት ወጣ። "ይህን ጊታር ማን ነው የሠራው?" አለ። ዓይኑ እኔን አልፎ ሰውዬዬ ላይ አረፈ።

"እኔን ምን ያዩኛል?" አለ ሰውዬዬ። "እሷ ናት።" እንዲህ ኮርቶ አይቼው አላውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ!

እህቴ ጋ ደወልኩ። "እኔ ድሮም ብዬሽ ነበር" አለችኝ። በል እንግዲህ!

የካቲት 14

ዛሬ አንድ ደልዳላ ሰው መጣ። "የረጅሟን ዓይነት ቀይ እፈልጋለሁ" አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ቀይ እንጨት አስመጥተናል፣ ሞልቷል።

"እስቲ መጀመሪያ ተጫወትልኝ" አልኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወይ ጉድ! ሚስማር የሚመታ ነው የሚመስለው። ጥፍሩ ማንኪያ ያክላል። ግን ደስ ይላል፣ ኃይለኛ ነው፣ ልበ ሙሉ።

"ላንተ ነጩ ነው" አልኩት።

ሰውዬዬ ከወንበሩ ላይ ቀና አለ።

"ግን እኔ ቀይ ነበር..."

"ቀዩ ለዚህ እጅህ አይበቃም፣ ቶሎ ይጮህና ይደክምብሃል። ነጩ የመታኸውን ያህል ይመልስልሃል። ታገሠው እንጂ ዓመት በዓመት እየተሻለ ነው የሚሄደው።"

ሰውየው ወደ ሰውዬዬ ዞረ። "እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔማ" አለ የኔው ጉድ፣ "ሻይ ይፈላ አይፈላ ብቻ ነው የምጠየቀው።"

ከመደርደሪያው ላይ ነጮቹን አወረድኩ። አንድ በአንድ አንጠልጥዬ ማንኳኳት ጀመርኩ። አንደኛው፣ አይደለም። ሁለተኛው፣ አይደለም። ሦስተኛው ለጥቂት። አራተኛውን ሳንኳኳ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ቆየ።

እሱን ይዤ ወደ መላጊያው ሄድኩ።