የባዶዋ ታንኳ ፖስተር

ሰኞ

የሆረር ፊልም ፖስተር ወጣልኝ! የዲዛይን መምህራችን አዜብ ፖስተሮቹን በዕጣ ነው ያከፋፈለችን። ለሌሎቹ የፍቅር፣ የኮሜዲ። ዓርብ ክፍል ፊት ቆሜ የራሴን መተንተን አለብኝ።

ያየሁትን ልመዝግብ፦ ጥቁር ሐይቅ። መሐሉ ላይ ባዶ የደንገል ታንኳ። ከጎኗ ከውኃው የወጣ ነጭ እጅ። ከታች ደም የሚያንጠባጥብ ቀይ ርእስ። ሰማይ የለም፤ ጭጋግ ብቻ።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የት ላድርገው? የአባባ ጀልባ ተገልብጣ ጓደኛቸው ጋሽ ሞላ ከሰጠሙ ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባባ ሐይቅ ዳር አይደርሱም። ጀልባዋን ሸጠው እዚሁ ዓባይ ማዶ ሰፈር የመጋዘን ጥበቃ ሆነዋል። የጋሽ ሞላን ስም ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሣም።

ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በነጠላ ሸፈንሁት።

ማክሰኞ

ሁለት ገጽ ጽፌ ለአዜብ አሳየኋት። "'ያስፈራል' የሚል ስድስት ቦታ ጽፈሻል። የቱ ጋ ነው የሚያስፈራው? መጀመሪያ ዓይንሽ የት አረፈ?" አለችኝ። እጁ ላይ አልኋት። ለምን? ነጭ ስለሆነ፣ ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ። "እሺ፣ ከዚያስ?"

ቤት ገብቼ ሁለቱንም ገጽ ቀደድሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስመለስ አባባ ክፍሌ ውስጥ ቆመዋል። ከአዳር ሥራ ገብተው ስልካቸውን ቻርጅ ሊሰኩ ነው። ነጠላው ወድቋል።

"የትምህርት ቤት ሥራ ነው አባባ፣ አሁን አነሣዋለሁ" አልሁ። አልሰሙኝም።

"ይህን የሠራው ሰው፣ ሰው ሲሰጥም አላየም" አሉ።

የወደቀውን ነጠላ አነሣሁ።

"የሚሰጥም ሰው እንዲህ እጁን አያወጣም። አይጮህም። ሞላ ዝም ብሎ ነበር የሚያየኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በጣታቸው ታንኳዋን አሳዩኝ። "ይቺ ግን እውነት ናት። ዞር ብለሽ ስታዪ ውኃው ተኝቷል። ምንም ያልሆነ ይመስላል።"

ስልካቸውን ሰክተው ወጡ።

ሐሙስ

እጁን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አየሁት። ባሰ! እጁ ሲኖር የሆነውን እናውቃለን። ሲጠፋ ግን ዓይናችን ከታንኳዋ ተነሥቶ ጥቁሩ ላይ ይንከራተታል፤ የሚያርፍበት የለውም። ፍርሃቱ ባዶው ቦታ ላይ ነው። እጁና ቀዩ ፊደል "ፍሩ! ፍሩ!" ይላሉ፤ ታንኳዋ ምንም አትልም።

አራት ገጽ ሳልነሣ ጻፍሁ።

ሐሳቡ ግን የአባባ ነው። ወደ ሥራ ሳይወጡ አስፈቀድኋቸው። ጫማቸውን እያሰሩ "የሞላን ስም አትጥሪ። የቀረውን ተናገሪ" አሉኝ።

ዓርብ

አለፈ! መጀመሪያ ድምፄ ተቆራረጠ። እጁ ላይ ጥቁር ወረቀት ስለጥፍበት ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ "ኧረ መልሺው!" ሲል ተሳቀ። አዜብ፣ የሚሰጥም ሰው እንደማይጮህ የት እንዳነበብሁ ጠየቀችኝ። "ከጀልባ ነጂ ሰማሁ" አልኋት። ውጤት ገና ነው።

ቅዳሜ

አባባ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ "ለሚስቱ ግን አልነገርኋትም" አሉ።

የጋሽ ሞላ ባለቤት እትዬ የሺ የሚኖሩት ሐይቁ ዳር ዘጌ ነው። ለቅሶው ላይ "ተጣርቶ ነበር ወይ?" ብለው ጠይቀዋቸው አባባ መልስ አልሰጡም። በዚያው ሳይገናኙ ቀሩ።

"ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አሉኝ። በመኪናም እንደሚኬድ ነገርኋቸው።

"በጀልባ" አሉ።

እሑድ

አባባ ጀልባዋ መሐል ተቀመጡ፤ አግዳሚውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ነጂው ያውቃቸዋል። ምንም ሳይጠይቅ ቀስ ብሎ ነዳ።

እትዬ የሺ በር ላይ ሲያዩን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አባባ ሳይቀመጡ ተናገሩ፤ ጋሽ ሞላ እንዳልተጣሩ፣ እንዳልጮኹ፣ የሚቀልዱ እንደመሰላቸው። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

እትዬ የሺ "እኔ በሕልሜ ሲጮህ ነበር የምሰማው" አሉ። ከዚያ "ግባ፣ ተቀመጥ እንጂ" አሏቸው።

ይህን የምጽፈው ደጃቸው ላይ ሆኜ ነው። ውስጥ ሁለቱ ያወራሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ የሚሉት አይለይም። የመጨረሻዋ ጀልባ አሥር ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ልጥራቸው ብዬ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ።