ለምድጃው አምላክ የተገዛው ከረሜላ

ስንዱዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እዚህ ሻንዶንግ አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ የምድጃው አምላክ የየቤቱን ገበና ለሰማይ ሊናገር ይሄዳል። አከራዬ እማማ ሹዪንግ ክፉ እንዳያወራባቸው ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የአምላኩን ሥዕል አፉን በብቅል ከረሜላ ለጠፉት። የተረፈውን ባላቸው አፍ ውስጥ ወሸቁና፣ «አንተም የሃይታኦ አባት፣ ልጄ ነገ ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ሲመጣ፣ የፖም ማሳውን ለምን ጥለህ ሄድክ ብለህ እንዳትጀምረው!» አሏቸው።

ሽማግሌው ጥርሳቸው ተጣበቀ። መጥረጊያ አነሱና፣ ከደጃፉ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በረዶውን ለልጃቸው ጠረጉለት።

እኛ አገር ለእርቅ ሽማግሌ ይላካል፤ እዚህ ከረሜላ በቃ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬ ብርቄን ሰላም በይልኝ፣ ሕፃኗን ሳሚልኝ። ጋሽ ተካ ከልጃቸው ጋር ዛሬም ካልታረቁ ጻፊልኝ፤ ከረሜላውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ያንቺው መክብብ