ሻጭ የሌለው ፕሮግራም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ዘላለም፣ ደርባን

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ሱቁስ፣ ያ የሰፈራችሁ ረብሻ በረደ ወይ? ባርኮትና ትንሹ እስራኤል ደኅና ናቸው? እኛ የክረምቱ ብርድ ከሚነካካን በቀር ለክፉ አልሰጠንም፣ ፈጣሪ ይመስገን። እማማ የሰኔን ጾም አንድ ቀን ሳታጎድል ይዛዋለች።

ሰላምታዬን ጨረስኩ፤ አሁን ልቆጣህ ነው። ከሳምንት በፊት ደውለህ “ፈርሚና እረፊ፣ እንጀራሽን አትግፊ” አልከኝ። አባባ አጠገቤ ስለነበር እሺ ብዬ ዘጋሁት። አምኜበት አይደለም። እታፈራሁ ወደ ባሏ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። መሥሪያ ቤታችን የዝንጅብል አጠውልግ በሽታን ለገበሬው የሚያስረዳ ድረ ገጽ በወላይትኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። የልማት ሠራተኞች ከስልካቸው እያነበቡ ለገበሬው እንዲነግሩት ነው ሐሳቡ። ለዚህ የሚሆኑ፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደሚመቸው የሚያስተካክላቸው ክፍት ምንጭ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሦስቱን ሞከርኩ። አንደኛው ግዙፍ ነው፤ አንዲት ቃል ለማረም እንኳ ባለሙያ ይጠራል። ሁለተኛው ቋንቋ የሚጨመርለት ተለጣፊ በሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ተለጣፊው ይበላሻል። ሦስተኛው ትንሽና ቀላል ነው። አንድ ገጽ ስትከፍት የሦስቱም ቋንቋ ቦታ ጎን ለጎን ይመጣል፤ አንዱ ባዶ ከቀረ ራሱ ያስታውስሃል። በእኛ ደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ከደብዳቤ መተየብ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሠርታ የማታውቀው ጸሐፊያችን ንግሥቲ በአንድ ጠዋት ተምራ የመጀመሪያውን ገጽ ራሷ አወጣችው።

ወላይትኛውን የጻፈው አባባ ነው። አርባ ገጽ ሙሉ፣ በእስክርቢቶ፣ መነጽሩን እየወለወለ። ገበሬው በሚገባው አፍ ካልተነገረው ምኑን ተነገረው እያለ፣ ለአንድ ቃል ሲል ቦምቤ ድረስ ሄዶ ሽማግሌ ይጠይቅ ነበር።

ከዚያ ሦስተኛውን ፕሮግራም አቀረብኩና የግዢ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ሦስት ፕሮፎርማ የት አለ አለኝ። ነፃ ነው፣ ሻጭ የለውም ብዬ ባስረዳው፣ ሻጭ የሌለው ዕቃ በምን ሕግ ይመረጣል አለ። በነፃ መጠቀም የሚፈቅደውን ወረቀት አትሜ ሳቀርብለት ገልብጦ አየና ማኅተም የለውም ብሎ መለሰልኝ። ደሜ ፈላ። ስንት አገር የሚሠራበትን ነገር ማኅተም የለውም ብለው ጣሉት። ያሸነፈው ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ድርጅት ነው፤ ሦስቱንም ፕሮፎርማ ያመጣው እሱው ነው። የሸጠልን ደግሞ እኔ ሞክሬ የተውኩትን ያንን ግዙፉን ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ስሙን ፍቆ የራሱን ለጥፎበት።

በየካቲት ተመረቀ። ወላይትኛ የሚለውን ስትነካው “በዝግጅት ላይ” ይልሃል፣ እሱንም በአማርኛ። በመጋቢት ቦምቤ ያለው አጎታችን ደገፉ ከገበያ የገዛውን ዘር ተከለ። ከታመመ ማሳ የወጣ ዘር አይተከል የሚለው የአባባ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነበር። ዝንጅብሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አባባ ሄዶ አይቶት ተመለሰ። በአፌ ልነግረው ስችል በኮምፒውተር ይደርሰዋል ብዬ ጠበቅኩ አለ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ሳይዘጋ የርክክቡ ወረቀት ላይ እንድፈርም ታዘዝኩ። “በሦስት ቋንቋ በትክክል የሚሠራ መሆኑን አረጋግጫለሁ” ይላል። እምቢ ካልኩ ቢጠና ወደምትባለው ገጠር እንደምዛወር ሰብሳቢው በሰው አስነገረኝ። አንተ የደወልከው በዚያው ሰሞን ነው። አህያውን ፈርታ ዳውላውን እንዳትለኝ፤ ለሰብሳቢውም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ካንተ ግን አልጠበቅኩም። አባባ ያላየኸውን አየሁ አትበል እያለ ያሳደገው እኔን ብቻ አይደለም።

ለማንኛውም ምክርህን ሰምቻለሁ፣ ፈርሜያለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን “በሦስት” የሚለውን ሰርዤ “በሁለት” ብዬ ጻፍኩበት። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቢጠና ነኝ።

እማማ ጉንጮችህን ስማለች፤ ለእስራኤል ቆሎ ቋጥራ ለእታፈራሁ ሰጥታታለች። ንግሥቲ እጅ ነስታለች። ጋሼ ደገፉ ስለ ማሳው እንዳትጨነቅ ብሎሃል፣ አንተ ግን ተጨነቅ። ባርኮትን ሳምልኝ። አባባም ሰላም ብሎሃል። ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት አነበብኩለት። ቁጣሽን አለዝቢው ይለኛል ብዬ ነበር፤ አንድም ቃል አላስወጣኝም።

እህትህ ሳምራ
ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.