ሚስቴ ስትቀድመኝ

እህትም እናትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ያስይዝሻል? ጋሼስ ሳሉ ተሻላቸው? እኛ ደህና ነን። እኔ ግን «ደህና ነኝ» የምለው ከአንገት በላይ ነው። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና አልደብቅሽም፤ በሚስቴ ቀንቼ ክፉ ሥራ ሠራሁ።

ለአርባ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ሩጫ አብረን መለማመድ መጀመራችንን ጽፌልሽ ነበር። ሐኪሙ «ለደም ግፊትሽ ተንቀሳቀሺ» ስላላት ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ የመብራት ምሰሶ ታቅፋ ትቆም ነበር። እኔም «አይዞሽ፣ ቀስ እያልሽ» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

በአምስተኛው ወር ቀደመችኝ። ቀኑን ሙሉ የደንብ ልብስ ስትሰፋ ትውልና፣ ሲነጋ ጫማዋን አስራ በር ላይ የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። የእግሯ ጥፍር ጠቁሮ ሲወልቅ እንኳ በጨርቅ ጠቅልላው ወጣች። የሚያሠለጥኑን ጡረተኛ ፖስተኛ «ይቺን ሴትዮ ድሮ ባገኛት ኖሮ ብስክሌቴን እሸጠው ነበር» አሉ። እኔን ደግሞ ስተነፍስ ስለማፏጭ «ፉጨት» አሉኝ። ስሙ አናጢ ቤት ድረስ ተከተለኝ፤ በር ስልግ ባልደረቦቼ «ፉጨት፣ ዛሬም ጥላህ ሄደች?» ይሉኛል።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እንዳልል ምስጋናዋ ማለቂያ የለውም። ከልምምድ በተመለስን ቁጥር «አንተ ባትጎትተኝ ይሄኔ አልጋ ላይ ነበርኩ» ትላለች።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የምዝገባ ቅጻችንን እንዳስገባ ሁለቱንም ሰጠችኝ። የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ስደርስ የራሴን ብቻ አስገባሁ፤ የሷን አጥፌ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። «አስገባህ?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ!

ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ሁለት የሩጫ ከናቴራ ይዛ መጣች። የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች የሰፋችው ነው። የኔ ላይ ላቤን የምጠርግበት መሐረብ መያዣ ኪስ ጨምራበታለች። «ለካው» አለችኝ። ከናቴራው ጭንቅላቴ ላይ እንዳለ፣ ፊቴ ሳይታይ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ከናቴራውን ወደ ታች ስባ ፊቴን ገለጠችው። «እንደምትቀና አውቅ ነበር፤ እንደምትዋሸኝ ግን አላውቅም ነበር» አለችኝ። ሁለት ቀን «ብላ» እና «በሩን ዝጋ» ከማለት በቀር አላናገረችኝም። በነጋታው ግን ውድድር እንደሌላት እያወቀች ለልምምድ ወጣች። እታለም፣ ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ሠራተኛው አዲስ ሰው እንደማይቀበሉ፣ የራሴን የሩጫ ቁጥር ግን ፈርሜ ወደሷ ማዛወር እንደምችል ነገረኝ። ፈረምኩ። ሁሉን ረስቼ በደስታ ሰጠኋት ብልሽ ውሸት ነው፤ ቁጥሩ ደረቷ ላይ ሲታሰር እንኳ ዐይኔ ቀልቶ ነበር።

በውድድሩ ቀን ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ይዤ ቆምኩ። ፊቷ በላብ ጨው ነጥቶ መጣች፤ ተቀበለችኝና አለፈች። ጨርሳ ስትመጣ ፖስተኛውን አቅፋ አመሰገነች፤ የስፌት ቤት ጓደኞቿን አመሰገነች። በመጨረሻ ወደኔ ዞራ «ለውሃው አመሰግናለሁ» አለችኝ። ለውሃው ብቻ። የሚገባኝ ያችው ናትና ተቀበልኩ።

ትናንት ሲነጋ ሳትቀሰቅሰኝ ወጣች። የጫማዬን ክር ሳላስር ተከተልኳት፤ መታጠፊያው ላይ ቆማ አገኘኋት። «መጀመሪያ እሰር፣ ትወድቃለህ» አለችኝና ሮጠች።

ለጋሼ እጅ ነሥቷል በይልኝ። ትልቋን እንኳን ፈተናሽን አለፍሽ በያት፤ የትንሹን ጉንጭ ሳሚልኝ። ሚስቴም ሰላም ብላችኋለች፤ ይህን ደብዳቤ አንብባ «ጥፍሬን ለምን ጻፍከው?» ብላ ተቆጥታለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአናጢ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ
ግንቦት 9 ቀን