ደርባን ማን አለሽ?

ማክሰኞ፣ ጥር 4/2013፣ ምሽት 1 ሰዓት

ከላብራቶሪ ገባሁ። ጫማ ከበር ውጭ፣ ልብስ በቀጥታ ወደ ማጠቢያ፣ እኔ ወደ ሻወር። ውሃው ቀዝቃዛ። ሎድሼዲንግ፣ መብራት በተራ የሚጠፋበት ሰዓት። የዛሬው የናሙና ብዛት አይጣል ነው፤ የማስኩ ክር ጆሮዬን ላጠው።

ባሌ ጌታሁን (ከዚህ በኋላ ጌ.፣ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ትዕግሥት የለኝም) ሻማ አብርቶ ይጠብቀኛል። ፊቱ የምሥራች ይዟል። የክሬዲት ካርዱን ዕዳ አጠናቆ ከፍሎ አካውንቱን አዘግቷል። የእሱንም፣ የእኔንም ካርድ (ከቦርሳዬ አውጥቶ!) በመቀስ ከትፎ ሳህን ላይ አስቀምጦታል። እንደ ቆሎ።

ነጥቦቹስ? አልኩት።

የምን ነጥብ? አለኝ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ጥር 5

እንቅልፍ የለም። ላስረዳሽ፣ ሌላ የሚሰማኝ የለምና። አካውንቱ በጌ. ስም ይሁን እንጂ አስቤዛውን፣ ነዳጁን፣ የሕክምና መድኑን በዚያ ካርድ ስከፍል የኖርኩት እኔ ነኝ። በከፈልኩ ቁጥር ባንኩ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ሞልቶልኝ ነበር። ደርባን፣ ደርሶ መልስ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል። የባሕሩ ዳርቻ በኮሮና ምክንያት ዝግ ነው። እስኪከፈት ነበር የምጠብቀው።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ጣናስ? ይሉኛል። ጣና ሐይቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ጆሃንስበርግ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ባሕር ያየሁት ካላንደር ላይ ነው። ለጌ. አልነገርኩትም። ምን ብዬ? የእኛ ሰው መንገድ የሚነሣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጸበል ነው። ውሃ አይቶ ለመመለስ ማን ይሄዳል?

በምሳ ሰዓት ባንኩ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ። ጥሪዎን እናከብራለን ይላል፣ ከዚያ እንደገና ሙዚቃ። በስንት መከራ አንዲት ልጅ አነሳች። ድምፅዋ ማር፣ ማማ እያለች። አካውንቱ በባለቤትሽ ስም ስለሆነ እሱ ራሱ ይደውል አለች። ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ አልኳት። ይገባኛል ማማ፣ አለች። ምንም አልገባትም።

ዓርብ፣ ጥር 7፣ ከሥራ በፊት

ጌ. አልደውልም አለ። አንዲት ጥሪ! በነጻ የተሰጠ ነገር ቀረብኝ ብሎ የባንክ ደጅ አይጠናም፣ ባይ ነው። ነጻ ይላል። ገንዘቡን ሳናወጣ ነጥቡ ከሰማይ የወረደ ይመስል። ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው እንግዲህ ይሄ።

ደሜ ፈላ። በሩን ጠርቅሜው ወጣሁ። የሰፈራችን የሮዘተንቪል ውሾች ተቀባበሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 9

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ቤ/ክ ዝግ፣ መሰብሰብ ክልክል፤ ስለዚህ ሽምግልናው በቪዲዮ። ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ጀፕ፣ የሐበሾቹ ገበያ ውስጥ፣ መጋረጃ የሚሸጡት፣ እኛን ያጋቡን። ስልኩን ወደ ታች ስለያዙት አብዛኛውን ጊዜ ያየነው አገጫቸውን ነው።

መጀመሪያ ነጥብ ምን እንደሆነ ማስረዳት። ገንዘብ ነው? አይደለም። ዕቃ ነው? አይደለም። ታዲያ ምን ጠፋ? ጌ. ከጎኔ ፈገግ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፣ አሉ ጋሽ ታደሰ። የእኔዋ ላም በየወሩ ስልኬ ላይ ትታየኝ ነበር፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በነጥቡ ምን ልታደርጊ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ደርባን ልሄድ፣ አልኩ።

"ደርባን ማን አለሽ፣ ልጄ?"

ማንም።

ጋሽ ታደሰ ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀኑት። የጌ. ፈገግታ ጠፋ። ምን እንደጠረጠሩ ሲገባኝ ፊቴ ጋለ። ባሕር ለማየት ነው አልኩ፣ ባሕር ብቻ። ጋሽ ታደሰ ሳቁ፣ ኔትወርኩም ተቋረጠ። አለቀስኩ። በንዴት ነው፣ በሐዘን አይደለም፤ ይመዝገብልኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 12፣ ማታ

ጥምቀት ትናንት ቤት ውስጥ አለፈ። ዛሬ ጌ. ሻይ አፍልቶ መጣ። ጥፋት ሲኖርበት ሻይ ያፈላል።

ስለ ስዩም አወራኝ፣ አብሮት ሲያስተምር የነበረው፣ ታኅሣሥ ላይ በኮሮና የሞተው። ስዩም ዕዳ ነበረበት። የሚስቱ እንባ ሳይደርቅ ባንኩ ይደውልባት ነበር። ጌ. ይህን ከሰማ ጀምሮ ነው ለካ። የተዋሰውን መጽሐፍ መለሰ፣ የተጣላውን ወንድሙን ታረቀ፣ ካርዱን ዘጋ። ድንገት ብሞት አንቺን እንዳይጠይቁሽ ነው፣ አለኝ።

አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እሱ ለመሞት ሲሰናዳ የጠፋው የእኔ ነገር ነው። እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ በብልቃጥ የማየው ያንኑ በሽታ ነው። ስም ያለበት ብልቃጥ፣ ዕድሜ ያለበት ብልቃጥ። ከመሞቴ በፊት ባሕር ልይ ያልኩት ለዚህ ነው። ነገርኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ጌ. ደወለ! ሳልለምነው፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ። ባለቤቴ ናት ያጠራቀመችው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አካውንቱን መልሳችሁ ክፈቱልኝ አላቸው። ይህ ኩሩ ሰውዬ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም።

መልሱ አጭር። አካውንት ሲዘጋ ነጥቡም ይሰረዛል፣ ሲፈርሙ ተስማምተዋል። አዲስ ካርድ ካወጡ ከዜሮ ይጀምራሉ። በቃ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ጌ. ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሻይ ያፈላሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

ትናንት ማታ ፕሬዚዳንቱ ተናገሩ። ባሕር ዳርቻው ተከፈተ።

ጌ. ከነጋ ጀምሮ ሽር ጉድ ይላል። ለፋሲካ መኪናውን አስጠግኖ ይዞኝ ሊሄድ ነው። ጋሽ ታደሰ ጋም ደውሏል። ደርባን የእህታቸው ልጅ አለ፣ እሱ ቤት እናርፋለን፣ ሚስቱም አራስ ናት፣ በዚያው እንጠይቃታለን። ዘመድ ተገኘልኝ። አራስ ጥየቃ ተገኘልኝ። ባሕሩ ጊዜ ከተረፈ።

አመሰገንኩት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የዓርብ ጠዋት የደርባን አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። በደመወዜ። አንድ መቀመጫ።

ማን ይቀበልሻል? አለኝ።

ማንም፣ አልኩት። የምሄደው ለዚያ ነው።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ፎጣ ይዞ መጣና ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠልኝ። የእኔን ፎጣ ብቻ።