ከደጀ ሰላሙ ወዲያ በእግሬ

ለባለቤቴ ለየሻረግ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ከቀብርሽ ቀን ወዲህ መቃብርሽን አላየሁትም። ረስቷት ነው እንዳትዪ። አርባሽ ሳይደርስ ደም ግፊት ጣለኝ፤ ግራ እግሬ ከዚያ ወዲህ አይታዘዘኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። መሬቱን የጎረቤታችን ልጆች ለእኩል ያርሱታል። ትልማቸው ጠማማ ነው፤ ደጅ ተቀምጬ እያየሁ ዝም እላለሁ። ዝም ማለትን በስተርጅና ተማርኩ።

ያዋረደኝን ልንገርሽ። በፍልሰታ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ አስቀድሼ፣ ካንቺም ዘንድ ቆሜ ልመለስ ቆረጥኩ። የነፍስ አባታችን፣ በሽተኛ አይጾምም፣ እህል ቅመስና መድኃኒትህን ዋጥ ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። እህል ሳልቀምስ፣ ምርኩዝ ሳልይዝ ወጣሁ። ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱ ላይ ጭቃው ውስጥ ወደቅሁ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች አግኝተውኝ፣ ቃሬዛ አስመጥተው ተሸከሙኝ፤ አንቺ በሄድሽበት ቃሬዛ። መንደር ስንደርስ ሴቶቹ አይተው፣ ወይኔ አያ ደምሴ፣ ተከትሏት ሄደ እያሉ ለቅሶ ጀመሩ። ከጋቢው ውስጥ አንገቴን አውጥቼ፣ ገና ነኝ፣ ዝም በሉ አልኳቸው። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉኝ ነበር። አሁን በመንደሩ ስሜ «ገና ነኝ» ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከረምኩ። መድኃኒቱንም ተውኩት። ንፋስ መውጫ ከተማ ነርስ የሆነችው ልጃችን ብርቄ መጥታ፣ አባባ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለጊዜው ይተዉት፣ ለዚህ ሳምንት እስከ አጥሩ ይበቃዎታል አለችኝ። አጥር ድረስማ ዶሮም ይሄዳል ብዬ ተቆጣኋት። መድኃኒቱን ከራስጌዬ አስቀምጣ ሄደች።

ቤቱ ጭር ሲል፣ ጉልበትሽን ሲያምሽ የቆረጥኩልሽን የወይራ ምርኩዝ ከበሩ ጀርባ አነሳሁ። አጥሩ ጋ ደረስኩ። ሰው አይቶኝ እንደሆነ ግራና ቀኝ ተመለከትኩ። መድረሴ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱም አሳፈረኝ። ያን ጋራ ያረሰ ሰው አጥር ደረስኩ ብሎ ደስ ይለዋል?

ከዚያ አውድማው ድረስ፣ ቆይቶ ወንዙ ድረስ ሆነ። ወንዙ በደረስኩ ማግስት አጥሩ ራሱ የራቀኝ ጊዜ አለ። ያን ቀን ሁሉንም ልተወው አስቤ ነበር። ከዚያ በከሰል ግድግዳሽን እያጠቆርኩ ፊደል የለየሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። አንዷን ፊደል ሳልይዝ ወደምትከተለው አልሄድም ነበር፤ ማታ የያዝኳት ጠዋት ስትጠፋኝ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ መልሼ እጽፋለሁ። ለፊደል የሰጠሁትን ትዕግሥት ለገዛ እግሬ ነፈግሁት። በማግስቱ እንደገና ከአጥሩ ጀመርኩ።

አሁን ሙት ዓመትሽ ደረሰ። ዳገቱን አልወጣውም፤ ሞክሬ አውቄዋለሁ። የነፍስ አባታችን በቅሏቸውን እልካለሁ ብለዋል። እንደ ድሮዬ ቢሆን በእግሬ ካልሆነ እቀራለሁ እል ነበር፤ ደግሞም እቀር ነበር። ዛሬ እሺ ብያለሁ። ይህችን እሺ ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠራርጌያለሁ።

እንደ ሙሽራ ደግፈው በቅሎዋ ላይ ያወጡኛል፤ መንደሩም ያያል። እስከ ደጀ ሰላሙ በበቅሎ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ጋ እስክደርስ ያለው ግን የእኔ ነው፤ ምርኩዝሽን ይዤ በእግሬ ነው የምመጣው። ርቀቱን በልቤ ከአጥራችን ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ብዙም አይበልጥም።

ጠዋት ጠዋት ዳዊት ስደግም የክርስትና ስምሽን አነሳለሁ፤ እስትንፋሴ እስካለ አልተወውም። ስደርስ ከደከመኝም አጠገብሽ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰው ቢያየኝም።

ደምሴ